ከእትብት ደም ያወጣነው ሴል ለምን ቀይ ሆነ?

ጥያቄ፦ በላቦራቶሪያችን ከእትብት ደም ሊምፎሳይት (ከነጭ የደም ሴሎች አንዱን ዓይነት) እንለያለን። ከአዋቂ ደም ስንለይ ነጭ የሚሆነው ዝቃጭ ከእትብት ደም ሲሆን ሁልጊዜ ይቀላብናል። የቀይ ሴል ማፍረሻውን ሁለቴ ብንጨምርም አይጠራም፤ የመቁጠሪያው ቁጥርም ከፍሎ ሳይቶሜትሪው (ሴሎችን በምልክት ፕሮቲኖቻቸው ለይቶ ከሚቆጥረው መሣሪያ) አይገጥምም። የት ተሳሳትን?

መልስ፦ ችግሩ በአብዛኛው ከደሙ ከራሱ ነው። የአራስ ሕፃን ደም ኒውክለሳቸውን ገና ያልጣሉ ቀይ ሴሎች አሉት፤ በጤነኛ አዋቂ ደም ውስጥ እነዚህ አይታዩም ማለት ይቻላል። እፍጋታቸው ለሊምፎሳይት ስለሚቀርብ እፍጋቱ በሚሊ ሊትር 1.077 ግራም በሆነው ፊኮል (ሴሎችን በእፍጋት መለያ ፈሳሽ) ላይ አብረው ይንሳፈፋሉ። ማፍረሻው አሞኒየም ክሎራይድም የበሰለውን ቀይ ሴል እንጂ እነዚህን በደንብ አያፈርስም። ኒውክለስ ስላላቸው መቁጠሪያው ነጭ ሴል ይላቸዋል፤ ቁጥራችሁን ያፋለሰው ይኸው ነው።

ስለዚህ ማፍረሻውን መደጋገም ሊምፎሳይቱን ይጎዳል እንጂ አይጠቅማችሁም። አንዴ፣ 5 ደቂቃ ይበቃል። የቀረውን የሲዲ235ኤ (ቀይ ሴል ላይ ያለ ምልክት ፕሮቲን) ፀረ እንግዳ አካል ባላቸው የማግኔት ቅንጣቶች አውጡት። በፍሎ ሳይቶሜትሪ ላይ ደግሞ ሲዲ45 (የነጭ ሴል ምልክት) ያለበትን፣ ሲዲ235ኤ የሌለበትን ሴል ብቻ ምረጡ። ነገሩን እንደ ቁጥር ጉዳይ ብቻ አትዩት፦ ሲዲ71 የተባለ ምልክት የሚያሳዩት ያልበሰሉ ቀይ ሴሎች የሌሎችን የመከላከያ ሴሎች ሥራ ስለሚያፍኑ የሳይቶካይን (የመከላከያ ሴሎች መልእክተኛ ፕሮቲን) ልኬታችሁንም ያዛባሉ።

አለያየቱንም ፈትሹ። አንድ እጅ ደም፣ 2 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ባለው 2 ወይም 3 እጅ ፒቢኤስ (የጨው ውህድ) ይቅጠን፤ ለአዋቂ ደም የለመዳችሁት እኩል ለእኩል እዚህ ያንሳል። 15 ሚሊ ሊትር ፊኮል ላይ 30 ሚሊ ሊትር የቀጠነ ደም ቀስ አድርጋችሁ አንጣፉ። ከዚያ በሴንትሪፉጅ (ማሽከርከሪያ) 400 ጂ (የምድር ስበት 400 እጥፍ)፣ 35 ደቂቃ፣ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ፍሬኑ ጠፍቶ። ፍሬኑ ከተረሳ ድርብርቡ ይናጣል። ፊኮሉ ከፍሪጅ እንደወጣ ከተቀዳ ደግሞ እፍጋቱ ይጨምርና መስመጥ የነበረበት ቀይ ሴል ከላይ ይቀራል። ከ24 ሰዓት በላይ በቆየ ደም ኒውትሮፊሎች ቀልለው ሊምፎሳይቱ መሃል ይገባሉ። ደሙን እስክትሠሩበት በክፍል ሙቀት አቆዩት። የመጨረሻው እጥበት 200 ጂ፣ 10 ደቂቃ ይሁን፤ ፕሌትሌቱ (ደም የሚያረጋው ሴል) ከፈሳሹ ጋር ይደፋል።

ጥያቄ፦ ከእትብት ደም የምናገኘው ቲ ሴል (አንዱ የሊምፎሳይት ዓይነት) ለትውስታ ሴሎች ጥናት ይሆናል?

መልስ፦ አይመከርም። አብዛኛው የሲዲ45አርኤ ምልክት የያዘ፣ ገና ባዕድ አካል ያላጋጠመው ነው። ለተቆጣጣሪ ቲ ሴል ግን ከአዋቂ ደም ይልቅ የእትብት ደም ይመረጣል፤ ሲዲ25 (ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎችም የሚያሳዩት ምልክት) ያወጡ የነቁ ቲ ሴሎች ጥቂት ስለሆኑ በሲዲ25 ሲለይ ንጹሕ ይወጣል። ሲዲ45አርኦ (የትውስታ ሴሎች ምልክት) በብዛት ካያችሁ የእናት ደም ተቀላቅሎ ይሆናል፤ መርፌው ከመግባቱ በፊት እትብቱ በደንብ መጠረጉን አጣሩ።