ጠርዙ የተበላ የፍሬን ቱቦ ዳዶ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ዝገት ፈቺ፦ ሰሞኑን በግል የምትጠይቁኝ ሁሉ አንድ ነገር ስለሆነ እዚሁ እንጨርሰው። የብረቱን የፍሬን ቱቦ ከጎማው ቱቦ ጋር የሚያገናኘው ዳዶ ዝጎ፣ ጠርዙ ተበልቶ፣ አልፈታም ሲል ምን ይደረጋል? ስለ ሞተርና ስለ መብራት አልመልስም። ከመጀመራችን በፊት፦ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ማንም አይግባ።

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ በ10 ቁጥር መፍቻ ስታገል ጠርዙ ተበልቶ ክብ ሆነ። ምን ላድርግ?

ዝገት ፈቺ፦ መፍቻህ ክፍት አፍ ነበር፣ አይደል? ክፍት አፍ ከስድስቱ ጎን ሁለቱን ብቻ ነው የሚጨብጠው። ይሄ ደግሞ ዳዶ እንለዋለን እንጂ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎን ነው፤ የብረት ቱቦው በመሃሉ ያልፋል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሲጨንቀው ይሟሽሻል። ለዚህ የተሠራው ቱቦው የሚያልፍበት ክፍተት ብቻ የተተወለት ቀለበት መፍቻ ነው፤ ዳዶውን ዙሪያውን ይይዘዋል። አንተ ግን ጠርዙ ካለቀ በኋላ ነው የመጣኸው።

አሁን በሽቦ ብሩሽ ጥረገው። ዝገት መፍቻ ዘይት ከሁለቱም በኩል ንፋ፤ ጥርሱ፣ ማለትም የሚጠመዘዘው ክፍል፣ በሚገባበት በኩል ብቻ ሳይሆን ቱቦው ከዳዶው በሚወጣበት በኩልም። ብዙ ሰው ይቺን ይረሳል። ዳዶው ከጥርሱ ተላቆ ከቱቦው ጋር ተጣብቆ ከቀረ፣ ስታዞረው ቱቦውም አብሮ ይዞርና ይሰበራል። በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልክ መታ መታ አድርገው፣ ከዚያ ተወው። ይደር። ነገ እንደገና ንፋ።

ከዚያ የሚቆለፍ ፒንሳ አጥብቀህ አስይዝ። መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው ግፋ፣ ከዚያ ወደ መፍቻው፣ እንደገና መልስ። እንደ ጥርስ ነቃይ እያወዛወዝክ። የጎማ ቱቦውን ራስ ደግሞ በሌላ መፍቻ ያዝ! ጎማው መጠምዘዝ የለበትም።

ጥቁር እጅ፦ ደብሊው ዲ 40 የሚባለው የሚነፋ ዘይት ይበቃል። እኔ ሌላ ተጠቅሜ አላውቅም።

ሁለተኛ ማርሽ፦ አይበቃም። አሴቶንና የአውቶማቲክ ማርሽ ዘይት እኩል ቀላቅሎ መቀባት ነው።

ጥቁር እጅ፦ ቀለም ልታስለቅቅ ነው ዝገት?

ዝገት ፈቺ፦ የደብሊው ዲ 40 ስም ራሱ «ውሃ ማባረር፣ 40ኛ ሙከራ» ማለት ነው። ዋናው የታወቀበት ሥራው ይሄ ነው። ያግዛል፣ ግን ለዝገት ተብሎ የተሠራው ይሻላል። ቅልቅሉም ይሠራል፣ ግን አሴቶን እሳት ይወዳል፣ ቅልቅሉም ለጎማ አይሆንም። ሁለታችሁም የረሳችሁት ጊዜን ነው። ነፍቶ በአምስት ደቂቃ የሚታገል ሰው ምንም ቢነፋ ለውጥ የለውም።

ሁለተኛ ማርሽ፦ እሳትስ? ቀይ እስኪሆን ቢሞቅ ወዲያው ይለቃል።

ዝገት ፈቺ፦ የጎማ ቱቦውን የማታስተርፈው ከሆነና ቱቦው ውስጥ ዘይት ከሌለ ሌላ ነገር ነው። ካልሆነ አይሆንም። የፍሬን ዘይት ይቀጣጠላል፣ የተዘጋ ቱቦ ውስጥ ሲፈላ ደግሞ ይፈነዳል። ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ ከተነፋበት በኋላ ነበልባል ካቀረብክ የሚወጣው ጋዝ ፎስጂን ነው፤ በ1ኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የተገደለበት። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው መልሴ አንድ ነው፦ እሳት የለም።

ሰማያዊዋ፦ የኔም አልፈታ አለ፣ ምን ይሻላል?

ዝገት ፈቺ፦ የትኛው? ጠርዙ አለ? ዘይት ተነፍቷል? ስንት ሰዓት ቆየ? እህቴ፣ ከላይ ያለውን አንብቢና ተመለሽ።

ሌሊት ሠሪ፦ የራዲያተር ጎማ ቱቦ ተጣብቆብኛል።

ዝገት ፈቺ፦ እሱ ዳዶ የለውም። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ማሰሪያውን አላላ፣ ጎማውን ለመቀየር ከሆነ በርዝመቱ ሰንጥቀህ ላጠው። ቀጥሎ።

ባለ ሞረዱ፦ ሁለቱንም ቱቦ ልቀይር ነው። መቁረጥ አይሻልም?

ዝገት ፈቺ፦ በመጨረሻ ደህና ጥያቄ! ይሻላል። የብረት ቱቦውን ከዳዶው ስር ቁረጠውና ባለ ስድስት ጎን ቡሶላ፣ ዳዶውን እንደ ቆብ የሚውጠውን መፍቻ፣ ከላይ አልብሰው። ባለ አሥራ ሁለቱን አይደለም፣ እሱ የቀረውን ጠርዝ ይጨርሰዋል። አዲሱን ቱቦ ስትገዛ ግን ጫፉን ተመልከት። ብዙዎቹ 4.75 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስላላቸው አንድ ይመስላሉ፤ ጫፋቸው ግን እንደ ጡሩምባ አፍ ተከፍቶ የታጠፈም አለ፣ እንደ አረፋ ያበጠም አለ። አንዱ በሌላው ቦታ ቢጠብቅም ያፈስሳል። ጥርሱ ላይ ነጩን የቧንቧ ቴፕ እንዳትጠመጥም፤ የሚዘጋው ጥርሱ ሳይሆን ጫፉ ነው።

ሰማያዊዋ፦ የፍሬን ዘይቱ እየፈሰሰ አስቸገረኝ። የትኛው ዘይትስ ይጨመራል?

ዝገት ፈቺ፦ ፔዳሉን ትንሽ ወደ ታች ገፍተሽ በእንጨት ደግፊው፣ ከዘይት ጋኑ የሚወርደው ይቆማል። የመኪናው ቀለም ላይ የነካውን ወዲያው በውሃ እጠቢ፣ ይበላዋል። ዓይነቱ ክዳኑ ላይ ተጽፏል። ዶት 3 ወይም 4 ከሚል ጋን ውስጥ ሲሊኮን የሆነውን ዶት 5 አትጨምሪ። ሲያልቅ ቱቦው ውስጥ የገባው አየር ይውጣ፣ ፔዳሉ ሳይጠነክር መንገድ የለም።

ጀማሪው፦ ጋሼ ተፈታ! አንድ ሌሊት አሳድሬ በፒንሳ። የብረት ቱቦው ግን ትንሽ ተጠምዝዟል።

ዝገት ፈቺ፦ ዳዶው በቱቦው ላይ ለብቻው ይዞራል?

ጀማሪው፦ አይዞርም።

ዝገት ፈቺ፦ እንግዲያው ቱቦውንም ቀይር። «ትንሽ» ብለህ እንዳትመልሰው።

ጥቁር እጅ፦ እኔ ቢሆን እመልሰው ነበር።

ዝገት ፈቺ፦ ለዚህ ነው አንተን ያልጠየቀህ።