መርዝ የሚለይ ፕላስቲክ አለ?

ጥያቄ፦ መንዝ ውስጥ የበግ ጸጉር ፈትለን፣ ቀለም ነክረን ባና እንሠራለን። እጣቢው ወንዝ ይገባል፤ ከታች ከብት ይጠጣል። መርዝ ለይቶ የሚይዝ ፕላስቲክ ተሠራ ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? ብናፈላውስ?
ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ እውነት ነው፣ እህቴ። ፖሊመር ይባላል። አንዱ ዓይነት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያብጣል፤ ሙቀቱ 32 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ተኮማትሮ ውሃውን ይተፋል። እኔን በጣም የሚደንቀኝ ግን ሌላው ነው። ፖሊመሩ የሚሠራው በሚፈለገው መርዝ ዙሪያ ነው። ኋላ መርዙ ታጥቦ ይወጣል፣ የቅርጹ ጎድጓዳ ይቀራል። ያ ጎድጓዳ ያንኑ መርዝ ለይቶ ይይዛል። አመልካች ከተጨመረበት ሲይዝ መልኩ ይለወጣል።

ብዙዎቹ ገና ከቤተ ሙከራ አልወጡም። ብረት ነክ መርዝ የሚይዙ ሙጫ መሰል ፖሊመሮች ግን በውሃ ማጣሪያዎች ከሠሩ ቆይተዋል።

ማፍላቱን ተዪው። ቀለሙ እንዳይለቅ በሚጨመር ማጽኛ ውስጥ ሊኖር የሚችለው፣ ክሮሚየም የሚባለው ብረት አይተንም፤ ውሃው ሲቀንስ መርዙ ይበረታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የሚፈቅደው በሊትር 0.05 ሚሊግራም ብቻ ነው።

ቀለም ማጽኛችሁ ብርቱካንማ ዱቄት ነው? ሻጩን «ባይክሮሜት ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቂው። ከሆነ ክሮሚየም አለበትና፣ እባክሽ ዛሬውኑ አቁሚ፤ በባዶ እጅ አትንኪው፣ ብናኙንም አትተንፍሺ። አሉም የሚባለው ነጭ ጨው ለጸጉር ጥሩ ማጽኛ ነው። የቀረውን ዱቄት ወንዝ አትድፊው፤ ከድነሽ ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጪና የወረዳውን ጤና ባለሙያ አማክሪ።