«ንጹሕ» ከሰል አለ ወይ? ለወሎ ልጆች ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

የውጫሌ የድንጋይ ከሰል ለምን ኤሌክትሪክ አይመነጭበትም የሚለው ክርክር ሰሞኑን ስለጋለ፣ በኃይል ማመንጫ ሙያ የሠራሁ ነኝና ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው በረከተ፤ ተመሳሳዩን እያጣመርሁ እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከደሴ፦ ጋሼ፣ «ንጹሕ የድንጋይ ከሰል» የሚሉት እውነት ነው ወይስ ማስታወቂያ?

ሁለቱም አለበት። በዚህ ስም ሦስት ሥራዎች ይጠራሉ። አንደኛው ባነሰ ከሰል ያንኑ ያህል መብራት ማውጣት ነው፤ ምርጥ ምድጃ ላይ እንደ መጋገር አስቡት። አሮጌ ማመንጫ ከከሰሉ ሙቀት ሲሶውን ያህል ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት የሚሠራው አዲሱ ዓይነት 45 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ሁለተኛው ጭሱን ማጽዳት ነው፦ አመዱን በኤሌክትሪክ ማጣሪያ ይይዙታል፣ የድኝ ጋዙን በተፈጨ የኖራ ድንጋይና በውሃ ያጥቡታል። እነዚህ ሁለቱ ተፈትነው ያለፉ ናቸው። ሦስተኛው የምድርን አየር የሚያሞቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከጭሱ ለይቶ መሬት ውስጥ መቅበር ነው። ማስታወቂያው የሚበዛው እዚህ ላይ ነው።

ከኮምቦልቻ፣ የቴክኒክ ኮሌጅ ተማሪ፦ መንግሥታት ለዚህ ያፈሰሱት ገንዘብ ፍሬ አፈራ?

ግማሹ አፍርቷል። የአሜሪካ መንግሥት ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከኩባንያዎች ጋር ወጪ እየተጋራ የሙከራ ማመንጫዎች አሠርቷል። የድኝ ጋዙን በዋናነት የቀነሰው ግን ድጎማው ሳይሆን በ1990 የተሻሻለው የአየር ንጽሕና ሕግ ነው ባይ ነኝ። ሕጉ ማመንጫዎች በጠቅላላ በሚለቁት ላይ ጣሪያ አበጀ፤ ከድርሻው በታች የለቀቀ የተረፈውን ፈቃድ ለሌላው ይሸጣል። የፈለገ ማጠቢያ ገጠመ፣ የፈለገ ድኙ ያነሰ ከሰል ገዛ፤ ከድኝ ጋዙ የሚመጣው የአሲድ ዝናብም ቀነሰ። ቻይናም ትንንሽ አሮጌ ማመንጫዎቿን እየዘጋች፣ ከ2014 ወዲህ ጥብቅ የልቀት መለኪያ አወጣች፤ ላሟላ ማመንጫም በመብራት ዋጋው ላይ ጭማሪ ከፈለች።

ካርቦን ላይ ሲደርስ ነገሩ ተበላሸ። አሜሪካ በ2003 ፊውቸርጄን የተባለ ልቀት አልባ ማመንጫ ላሠራ ነው ብላ አወጀች፤ ወጪው ሲያብጥ በ2008 ተተወ፣ መልኩን ለውጦ ተነሣ፣ በ2015 እንደገና ቆመ። ሚሲሲፒ ውስጥ ኬምፐር በተባለ ቦታ ሊግናይት የሚሉትን ለጋ ከሰል ወደ ጋዝ ለውጦ ሊያነድ የታሰበው ማመንጫ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በታች ያልቃል ተብሎ 7.5 ቢሊዮን ገደማ ፈጀ። በ2017 የከሰሉ ነገር ቀረና ዛሬ የሚያነደው የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ፔትራ ኖቫ የተባለው የቴክሳስ ከሰል ማመንጫ የካርቦን መያዣ በደንብ ተሠርቶ በ2017 ሥራ ጀመረ፤ ግን የሚይዘው ጋዝ ድፍድፍ ነዳጅን ከጉድጓድ ለመግፋት ስለሆነ የነዳጅ ዋጋ በ2020 ሲወድቅ ቆመ፣ በ2023 ተመለሰ።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ጋዙን መለየት ብቻውን ማመንጫው ከሚያወጣው ኃይል አንድ አምስተኛውን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይበላል። የድኝ ጋዝ ሲታጠብ ለግንባታ የሚሸጥ ጂፕሰም ይተርፋል፤ የተቀበረ ካርቦን ግን ገዥ የለውም። መንግሥት ካልከፈለው ወይም ካላስገደደው ባለሀብቱ ምን ብሎ ይቀብራል? አሜሪካ ለአንድ ቶን እስከ 85 ዶላር የግብር ቅናሽ የፈቀደችው ለዚህ ነው።

ከሐይቅ፦ ካናዳስ ተሳክቶላታል አይደል?

ባውንደሪ ዳም በተባለው የካናዳ ከሰል ማመንጫ ላይ የካርቦን መያዣው ከ2014 ጀምሮ ይሠራል። ነገር ግን የተገጠመው ለማመንጫው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ በዓመት ይይዛል ከተባለው 1 ሚሊዮን ቶንም ብዙውን ጊዜ በታች ነው።

ከወልድያ፦ ፈረንጅ በከሰል ከበለጸገ በኋላ እኛን መከልከሉ ግፍ አይደለም?

ግፍነቱን አልከራከርህም። ግን ሒሳቡንም እይ። ሰባቱ ባለጸጋ አገሮች (ጂ-7 የሚባሉት) በ2021 ለውጭ አገር የከሰል ማመንጫ ገንዘብ ላለመስጠት ቃል ገቡ፤ በዚያው ዓመት ቻይናም በውጭ አገር አዲስ አልሠራም አለች። ታዲያ ማን ያበድረናል? ብድር የተገኘበትንም አይተናል፦ የዓለም ባንክ በ2010 ለደቡብ አፍሪካ 3.75 ቢሊዮን ዶላር ሲያበድር፣ ሜዱፒ የተባለው ማመንጫ የድኝ ማጠቢያ እንዲገጠምለት ተስማምተው ነበር። የመጨረሻው ክፍል በ2021 ሥራ ሲጀምር ማጠቢያው አልተገጠመም። ንጽሕናው ሁልጊዜ «በኋላ» ይባላል፤ ጭሱ ግን ከመጀመሪያው ቀን አለ።

ከውጫሌ፦ የእኛ ከሰል እንዲሁ መሬት ውስጥ ይቅር እያሉን ነው?

አብሽሩ፣ አላልሁም። እኔ የምለው ለመብራት አይሁን ነው። የውጫሌ ከሰል ባዛልት በሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድርብርብ መካከል በተኛ ደለል ውስጥ የሚገኝ ነው፤ ባጠቃላይ የአገራችን ከሰል ለጋና አመዱ የበዛ ነው። እንዲህ ባለ ከሰል የሚሠራ 100 ሜጋ ዋት ብቻ የሚያመነጭ ማመንጫ በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ቶን ገደማ ይበላል፤ ያውም ለዐሥርት ዓመታት ሳይቋረጥ። በ2025 የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ መብራት ሲጠፋ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው መስመሩንና ትራንስፎርመሩን እንጂ የማመንጫ እጥረትን አይደለም።

ገበያው ሲሚንቶ ፋብሪካ ነው። አገሪቱ ለምድጃው ከሰል ከደቡብ አፍሪካ በዶላር ስታስገባ ኖራለች፤ መንግሥት አሁን የሚያበረታታውም የአገር ውስጡን ከሰል አጥቦ በዚያ መተካትን ነው። ሲታጠብ ከባዱ ድንጋይና አፈር ይወርዳል፣ የተሻለው ከሰል ይለያል።

ከዚያው ከውጫሌ፣ አንዲት እናት፦ ልጆች ለቅመው ያመጡትን ቤት ውስጥ ባነደውስ?

በፍጹም፣ እናቴ። ጭሱ ድኝ አለበት፤ ፍሙም ሽታ የሌለውን ገዳይ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድን ያወጣል። በር ገርበብ ማድረግ አይበቃም።

ከአምባሰል፦ ኩባንያ ቢመጣ ምን ብለን እንጠይቅ?

የከሰል ማጠቢያው ውሃ ከየት ይቀዳል፣ ጥቁሩ ውሃስ ወዴት ይፈሳል? ቁፋሮው ሲያልቅ ገደሉን ማን ይሞላዋል፣ ለዚያስ የሚሆነው ገንዘብ ከወዲሁ ተይዟል ወይ? የመኪናው አቧራ በየትኛው መንደር ያልፋል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ማጠቢያው ከመስኖ ማሳችሁ በላይ የሚተከል ከሆነ ቦታው እንዲቀየር ከግንባታው በፊት ተናገሩ፤ ከቆመ በኋላ የሚያነሣላችሁ አታገኙም።