የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በሕንፃችን ሥር የሚባዙት ድመቶች

ጥያቄ፦ የምኖረው በነታንያ፣ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። አምና ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ሁለት ድመቶች ነበሩ። አሳዘኑኝና ከቤት የተረፈውን ምግብ እሰጣቸው ጀመር፤ አሁን ከአሥር በላይ ሆነዋል። ሌሊት ሲጣሉና ሲጮኹ ሰው አይተኛም፣ ደረጃውም በሽንታቸው ይሸታል። አንድ ጎረቤቴ መርዝ አደርጋለሁ ብሎ ይዝታል፤ ሌላዋ በመኪና ጭነን ሩቅ ቦታ እንጣላቸው ትላለች። ልጄ እያጠመዱ ማስመከን ይቻላል ብላ ነግራኝ ነበር፤ ታላቅ ወንድሜ ግን እንስሳ ማኮላሸት በኦሪት የተከለከለ ነው ብለው ተቆጡኝ። ምን ይሻለኛል?
አንዲት እናት፣ ከነታንያ

መልስ፦ እናታችን፣ አስቀድመን መርዙን እናስቁም። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የእንስሳት ጥበቃ ሕግ እንስሳን ማሰቃየትን ይከለክላል፣ በወንጀልም ያስጠይቃል፤ ባለቤት የሌላት የጎዳና ድመትም በዚሁ ሕግ ትጠበቃለች። ከዚህም ሌላ ገንዳው አጠገብ የተቀመጠ መርዝ የሰው ውሻ ሊገድል፣ ግቢው ውስጥ የሚጫወት ሕፃንም ነክቶት እጁን ወደ አፉ ሊወስድ ይችላል። ጎረቤትዎ ዛቻውን ካላቆመ በማዘጋጃ ቤቱ የስልክ መስመር 106 ደውለው ለከተማው የእንስሳት ሐኪም ክፍል እንዲተላለፍልዎ ያድርጉ።

በመኪና ጭኖ መጣልም መፍትሔ አይደለም። ድመቶቹን እዚያ ያሰባሰባቸው የገንዳው ምግብና ከሕንፃው ሥር ያለው መጠለያ ነው፤ እነርሱ ቢወሰዱ ምግቡና መጠለያው ስለማይወሰድ ከአጎራባች መንገድ ሌሎች መጥተው ቦታውን ይይዛሉ። የተጣሉትም ምግብና ውኃ የት እንዳለ በማያውቁት፣ በሌሎች ድመቶች በተያዘ ሰፈር ይንገላታሉ።

ሁለት የነበሩት በአንድ ዓመት ከአሥር በላይ መሆናቸው ሊያስገርምዎ አይገባም። ሴቴ ድመት ገና በአምስት ወሯ፣ አንዳንዴም ቀደም ብላ ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝናዋ ዘጠኝ ሳምንት ያህል ብቻ ነው፤ ግልገሎቿን እያጠባችም እንደገና ልታረግዝ ስለምትችል ቀኑ መርዘም ከሚጀምርበት ከክረምቱ ማብቂያ አንሥቶ እስከ መኸር ድረስ ደጋግማ ትወልዳለች። ከሚወለዱት ብዙዎቹ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት በበሽታ፣ በረሃብና በመኪና ያልቃሉ። እርስዎ ከርኅራኄ የተነሣ ማብላትዎን አንነቅፍም፤ ነገር ግን የሚበላ ሁሉ እየወለደ ከቀጠለ የሚሞተው ግልገል ቁጥርም አብሮ ስለሚጨምር፣ ማብላትና ማስመከን ሊነጣጠሉ አይገባም ብለን በጽኑ እናምናለን።

ልጅዎ የነገረችዎ መንገድ ትክክለኛው ነው፤ ውጤት የሚያመጣው ግን በግማሽ ካልቀረ ነው። በዚህ ረገድ በሪሾን ለጽዮን ከተማ ለ12 ዓመታት የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት ብዙ ያስተምራል። በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ምንም ሳይደረግ ድመቶቹ ተቆጠሩ፤ በቀጣዮቹ አራት ዓመታት ከከተማው ክፍሎች በግማሾቹ ብቻ በብዛት እንዲመክኑ ተደረገ፤ በመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት ግን ሥራው ሁሉንም ክፍሎች አዳረሰ። በግማሾቹ ብቻ በተሠራበት ጊዜ ያልመከኑ ድመቶች ከአጎራባች ክፍሎች እየገቡ ስለተተኩ ቁጥሩ አልቀነሰም። ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ድመቶች በተያያዘ አካባቢ ሁሉ ሲመክኑ ግን ቁጥሩ በየዓመቱ በ7 በመቶ ያህል ወረደ። ያኔም ቢሆን ውድድሩ በመቀነሱ ከሚወለዱት ግልገሎች በሕይወት የሚተርፉት በመጨመራቸው፣ ሥራው ቢቋረጥ ቁጥሩ ተመልሶ እንደሚያድግ አጥኚዎቹ አስገንዝበዋል።

ስለዚህ ከአሥራ ሁለት ድመት ሦስቱን ብቻ አስመክነው ቢያቆሙ ልፋትዎ ከንቱ ይሆናል። መጀመሪያ በአጠገብዎ ባሉት ሕንፃዎች ድመት የሚያበሉትን ሰዎች ያግኙ፤ እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች በየመንገዱ አይጠፉም። የድመቶቹን ብዛት፣ መልክና ፆታ በጋራ መዝግቡ፤ የአንድ ጆሮዋ ጫፍ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ድመት ካያችሁ፣ ይህ የመከነች መሆኗን ለማሳወቅ በማደንዘዣ ሥር የተደረገ ምልክት ስለሆነ ዳግመኛ አታጥምዷት። ከዚያም የከተማውን የእንስሳት ሐኪም ክፍል በነጻ ወይም በቅናሽ የሚያመክንበት ፕሮግራም እንዳለውና ወጥመድ ያውስ እንደሆነ ጠይቁ። የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ሳይያዝ ማጥመድ አይጀመርም፤ የተያዘች ድመት ሐኪም እስኪገኝ ቀናት በሽቦ ውስጥ መቆየት የለባትም። ወራቱ የሚመረጥ ከሆነ ሴቶቹ ሳያረግዙ በፊት፣ በክረምቱ አጋማሽ ቢሆን መልካም ነው።

ወጥመዱ ረጅም የሽቦ ሳጥን ሲሆን፣ ድመቷ በውስጠኛው ጫፍ የተቀመጠውን ምግብ ፍለጋ ገብታ መርገጫውን ስትረግጥ በሩ ከኋላዋ ይዘጋል። ከቀኑ አስቀድሞ ለአንድና ለሁለት ሳምንት ምግባቸውን በአንድ ቦታና ሰዓት ብቻ ይስጧቸው፤ በሩ እንዳይዘጋ የታሰረ ወጥመድም እዚያው አስቀምጠው ያለማምዷቸው። ከማጥመዱ በፊት በነበረው ሌሊት ምግብ አይስጡ፤ ጎረቤት ሁሉ እንዳይሰጥ መስማማት ያለበትም ለዚህ ነው፤ የጠገበች ድመት ወጥመድ አትገባም፣ ለማደንዘዣም ባዶ ሆድ ያስፈልጋል። ሽታው የሚጠራ ቱና ወይም ሰርዲን በጥቂቱ ይበቃል። ድመቷ እንደተያዘች ወጥመዱን በአንሶላ ሙሉ በሙሉ ይሸፍኑት፤ ጨለማው ያረጋጋታል። ወጥመዱን ትተው ወደ ቤት አይግቡ፤ በበጋ ፀሐይ ሽቦ ውስጥ የተዘጋች ድመት ቶሎ ትሞታለች። ለማባበል ብለው በሩን እንዳይከፍቱ፣ ጣትዎንም እንዳያስገቡ አደራ እንላለን።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወንዱ እስከ ማግስቱ፣ ሴቷ ደግሞ ሐኪሙ እንዳዘዘው አንድ ሁለት ቀን በሞቀና ጸጥ ባለ ቦታ ይቆያሉ፤ ከዚያም በተያዙበት ቦታ ይለቀቃሉ። ጡቷ የሚያጠባ መሆኑን ካዩ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ግልገሎቿ በተደበቁበት እንዳይራቡ ከማደንዘዣው በደንብ እንደነቃች ቶሎ መመለስ አለባት። ገና ስምንት ሳምንት ያልሞላቸው ግልገሎች ከሰው ጋር በቀላሉ ስለሚላመዱ፣ የሚያሳድጋቸው ቤት ቢፈለግላቸው ከጎዳና ኑሮ ይድናሉ።

ስለ ወንድምዎ፦ ቁጣቸው መሠረት አለውና በአክብሮት ይስሟቸው። ዘሌዋውያን 22፥24 የሚናገረው አባለ ዘሩ ስለተቀጠቀጠ ወይም ስለተቆረጠ እንስሳ ለመሥዋዕት አለመቅረብ ሲሆን፣ ረቢዎች ከዚሁ ቃል እንስሳን ማኮላሸት በጠቅላላው ክልክል መሆኑን አውጥተዋል። ጉዳዩ በመንግሥት ደረጃም ተነሥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የግብርና ሚኒስትር የነበሩት ኡሪ አሪኤል ይህንኑ ክልከላ ጠቅሰው ለማምከን የተመደበው ገንዘብ ድመቶቹን ወደ ሌላ አገር ለመላክ ይዋል የሚል ሐሳብ ቢያቀርቡም፣ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞት ተግባራዊ አልሆነም። በሌላ በኩል እንስሳን ከሥቃይ ማዳን በዚያው በሃይማኖቱ ሕግ የታዘዘ ነው፤ ሊቃውንቱም በሴት እንስሳ ላይ ያለውን ክልከላ ከወንዱ አቅልለው ይመለከቱታል። ፍርዱ የእኛ አይደለም። ወንድምዎን ይዘው ቄሱን ወይም ረቢውን አብረው ይጠይቁ፤ ሲጠይቁም የሴቷንና የወንዱን ነገር ለያይተው፣ በየወሩ የሚሞቱትንም ግልገሎች ሳይደብቁ ያስረዱ።

ለሚዝተው ጎረቤትዎ ደግሞ የሚያስፈልገው ክርክር ሳይሆን እንቅልፍ ነው። ድመቶቹ ከመከኑ በኋላ በስሪያ ወቅት የሚሰማው ጩኸትና ጠብ፣ ወንዶቹም ግድግዳ ላይ የሚረጩት ሽንት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ይህን ይንገሩት። እርስዎም ምግቡን ከደረጃው አርቀው ያኑሩ፣ በልተው ሲጨርሱ የተረፈውን ያንሡ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት። በሰፈራችን ድመቶችን እያጠመዱ የሚያስመክኑ ሰዎችን እናግዛለን፤ እናቴ ግን ድመት ጽንስ ይጎዳል ብላ ከለከለቻት። እኔንም ሰሞኑን አንዷ ቧጥጣኛለች።
ከአሽዶድ

መልስ፦ እናትህ የሰጉለት ነገር እውነት ነው፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል፣ እናት በእርግዝናዋ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። የሚተላለፈው ግን ድመቷን በማየትና በአጠገቧ በማለፍ አይደለም። ዓይነ ምድሩ ተላላፊ የሚሆነው ከወጣ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ከቆየ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ባለቤትህ ወጥመድ አትጠብ፣ ድመቶች የሚጸዳዱበትን አፈርም ያለ ጓንት አትንካ። ቀጠሮ መያዙንና መዝገቡን ግን ያለ ሥጋት ልትሠራ ትችላለች። በእኛ ማዕድ ላይ ይበልጥ ሊያሳስባችሁ የሚገባው ጥሬ ሥጋ ነው፤ ተውሳኩ በሥጋም ውስጥ ስለሚገኝ ክትፎም ሆነ ቁርጥ እስክትወልድ ድረስ ይቅርባት፣ ሰላጣና አትክልትም በደንብ ይታጠብ። ከዚህ በፊት ተይዛ እንደሆነ በደም ምርመራ ስለሚታወቅ የእርግዝና ክትትል ሐኪሟን ትጠይቅ።

አንተን በተመለከተ፣ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል። የጎዳና ድመት ስትነክስ ወይም ስትቧጥጥ ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ክትባት ያስፈልግ እንደሆነ ወደሚወስነው የጤና ሚኒስቴር ቢሮ መሄድ ይገባል። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ መድኃኒት ስለሌለው፣ ጭረቱ ቢደርቅም ሳትዘገይ ዛሬውኑ ሂድ፤ ድመቷ የተያዘች ከሆነም እንዳትለቀቅ ለከተማው የእንስሳት ሐኪም አሳውቅ።