«ባቄላዬን አበላሸብኝ!»

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 5 ዓመት ኳታር ሠርቶ ከተመለሰ 4 ወሩ ነው። የ8 ዓመት ልጃችን አልቀርበው ብሏል፤ ለእኔ ሲያወራኝ «ሰውዬው» ነው የሚለው። ሰሞኑን ለሳይንስ ትምህርት ሁለት ባቄላ ዘርቶ አንዷን መስኮት ላይ፣ ሌላዋን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠ። አባቱ የቁም ሳጥኗ ገርጥታ ሲያያት አሳዘነችውና አውጥቶ ፀሐይ ላይ አደረጋት። ልጁ «አበላሸብኝ!» ብሎ ጮኸ፣ እራትም አልበላ አለ። ባለቤቴም «ለአንዲት ባቄላ ብሎ ናቀኝ» ብሎ አኩርፏል። ልጃችን ባለጌ ሆኖብን ይሆን?

መልስ፦ አልባለገም፣ እህቴ። ያቺ ቢጫ ባቄላ ለእርሱ የታመመች ተክል ሳትሆን የሥራው ግማሽ ናት። ብርሃን ያጣች ቡቃያ አረንጓዴ ቀለሟን መሥራት ስለማትችል ፍሬዋ ውስጥ ያለውን ስንቅ እየበላች፣ ብርሃን ፍለጋ ቀጥና ትረዝማለች። ልጅዎ ሊያይ የፈለገው ይህንኑ ነበር።

አባትየውም ክፋት አላሰበም። 5 ዓመት ሙሉ የጎደለውን ከሩቅ ሲሞላ የኖረ ሰው፣ ቤቱ ሲገባ እጁ ከአፉ ይቀድማል። ልጁ ግን በ3 ዓመቱ የተለየውን ሰው የሚያውቀው በስልክ ነው። ስለዚህ «አባዬ በል» እያላችሁ አታስጨንቁት።

ባለቤትዎ ራሱ፣ በእርስዎ በኩል ሳይሆን፣ «ሳልጠይቅህ ነካሁብህ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ይበለው። ልጅን ይቅርታ መጠየቅ ክብር የሚቀንስ የሚመስላቸው አባቶች ብዙ ናቸው፤ እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው።

ከዚያ ሌላ ሙከራ አብረው ይሥሩ። ሌሊቱን የተዘፈዘፈ ባቄላ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ይዘራል፤ ሲበቅል፣ በአንድ ጎኑ የሳንቲም ያህል ቀዳዳ ባለው የጫማ ካርቶን ይከደናል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ቡቃያዋ ወደ ቀዳዳው ትጎብጣለች። ኦክሲን የሚባለው የእድገት ንጥረ ነገር በጥላው በኩል ስለሚበዛ ያ ጎን የበለጠ ይረዝምና ግንዱን ወደ ብርሃኑ ይገፋዋል። ቻርልስ ዳርዊንም ይህን ያጠናው ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር ነው፤ በ1880 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ የሣር ቡቃያ ጫፉ ሲሸፈን ወደ ብርሃን እንደማይጎብጥ አሳይተዋል።

እዚህ ላይ አስተማሪው ልጁ ነው። አባትየው ማስመሪያ ይያዝ፣ ልጁ የሚነግረውን ቁጥር ይጻፍ፣ በቃ። ውኃ አጠጪውም ልጁ ነው፤ አብዝቶ ቢያበሰብሳት እንኳ ዝም ይበል። (የእኔ የመጀመሪያ ባቄላ እንዲያ ሆና ቤቱን አግምታው ነበር።) እርስዎ ደግሞ ያን ሰዓት ጎረቤት ቡና ይጠጡ። አጠገባቸው ከተቀመጡ «አባትህ እንዲህ ሊልህ ፈልጎ ነው» ማለትዎ አይቀርም።

የቁም ሳጥኗም ባቄላ ቢሆን አልተበላሸችም። ካልደከመች በቀር ብርሃን ላይ ጥቂት ቀን ስትቆይ አረንጓዴ ትሆናለች፤ ይህም ራሱን የቻለ ውጤት ነው። መቼ እንደወጣችና ማን እንዳወጣት ደብተሩ ላይ ይመዝግብ። «ማን አወጣት» ለሚለው ምን ብሎ እንደሚጽፍ ግን ቀድመው አይንገሩት።