የሆላንድኛ ጥምር ቃል የት ይከፈላል? ጫናውስ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ሆኜ ሆላንድኛ እማራለሁ። ረጃጅሞቹን ጥምር ቃላት ሳነብ አስተማሪዬ «አከፋፈሉም ጫናውም ተሳስቷል» ትለኛለች፤ ጫና የምትለው ከቃሉ ውስጥ ጎላ ብሎ የሚነገረውን ክፍል ነው። ምን ይሻለኛል?
(አንባቢያችሁ፣ ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ክፍለ ቃል (በአንድ አናባቢ የሚነገር የቃል ቁራጭ) ከመቁጠርዎ በፊት ቃሉ ከምንና ከምን እንደተሠራ ይለዩ። «ሆይስ» ቤት፣ «አርትስ» ሐኪም ነው፤ የቤተሰብ ሐኪም ሆይስ-አርትስ ይባላል፣ ሆይ-ሳርትስ አይባልም። በነጠላ ቃል ውስጥ ተነባቢው ወደሚቀጥለው አናባቢ ይሳባል፤ በጥምር ቃል ግን የቃላቱን ድንበር አይሻገርም። «አቮንድ» (ምሽት) እና «ኤተን» (ምግብ) ሲጣመሩ እራት ይሆናል። «ድ» በቃል መጨረሻ ላይ «ት» ሆኖ ስለሚሰማ አነባበቡ አ-ቮንት-ኤ-ተን ነው። አ-ቮን-ዴ-ተን ካሉ ድንበሩ ጠፍቷል ማለት ነው።

ጫናው አብዛኛውን ጊዜ የፊተኛው ቃል ነው፤ የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ነው ማለት ግን አይደለም። «ስታሾን» (ባቡር ጣቢያ) ጫናው «ሾን» ላይ ስለሆነ ስታ-ሾንስ-ፕላይን (የጣቢያ አደባባይ) ላይም እዚያው ይቆያል። ሁለቱን ቃላት የሚያያይዘው «ስ» ከፊተኛው ቃል ጋር ይነበባል። ስታት-ሆይስ (ማዘጋጃ ቤት) ግን ያፈነግጣል፤ ጫናው «ሆይስ» ላይ ስለሚያርፍ በቃልዎ ይያዙት።

ግሥ ላይ ይጠንቀቁ። «ቮርኮመን» ጫናው «ቮር» ላይ ሲያርፍ መከሰት፣ «ኮ» ላይ ሲያርፍ መከላከል ነው። የእኛ «ገና» ሲጠብቅና ሲላላ እንደሚለያየው፣ ይህም በጽሑፍ አይታይም።

ሲለማመዱ ሁለቱን ቃላት ለየብቻ ይበሉ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ዝቅ አድርገው ሳያቋርጡ ያያይዙ። ጫና ማለት ማጥበቅ አይደለም፦ ተነባቢውን ሳይጫኑ አናባቢውን ከፍና ረዘም ያድርጉት። የአማርኛ ተናጋሪ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።