ኦማ የነገሩኝን ልናገር ወይስ ልተው?

ጥያቄ፦ መጋቢ፣ የጌታ ሰላም ይብዛልዎት። በካናዳ ዊኒፔግ ከተማ በአረጋውያን መጦሪያ የምሠራ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ። ስድስት ዓመት የተንከባከብኳቸው፣ ሜኖናይት ከሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን የሆኑ አንዲት እናት በ94 ዓመታቸው ወደ ጌታ ሄዱ። ሁላችንም «ኦማ» እንላቸው ነበር፤ በጀርመንኛ አያት ማለት ነው። የተወለዱት ዩክሬን ውስጥ ሞሎችና በሚባል አካባቢ ነው። በሰባት ዓመታቸው አባታቸውን በሌሊት መጥተው ወሰዱባቸው፤ አልተመለሱም። ከዚያ በጦርነቱ ተሰደው፣ በፖላንድና በጀርመን አልፈው፣ ፓራጓይ ኖረው ካናዳ ገቡ። ጣታቸው እስኪደነዝዝ ድረስ ለስደተኞች የሚላክ ብርድ ልብስ ይሰፉ ነበር። አሁን ልጃቸው በመታሰቢያው ጸሎት ላይ ጥቂት ቃል እንድናገር ጠየቀችኝ። አገር ቤት ያለችው እናቴ ደግሞ በስልክ «አርባቸውን ሳታወጪ እንዳትቀሪ» ትለኛለች። እኛ ተዝካር አናወጣም። ሰውን እንዲህ ማሰቡ ራሱ ልክ ነው? ሌላው የከበደኝ፣ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥተው፣ በልጅነታቸው ፖላንድ ሳሉ የተሰጣቸው ካፖርት በውስጡ የሌላ ልጅ ስም ተሰፍቶበት እንደነበር ነግረውኝ አለቀሱ። ይህን ልናገር ወይስ ልተው? ድፎ ዳቦ ጋግሬ ብወስድስ ነውር ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጌታ ያጽናሽ። ስድስት ዓመት አጥበሽ፣ አጉርሰሽ፣ አስተኝተሽ የሸኘሻቸው ናቸውና ኀዘኑ የቤተ ሰቡ ብቻ አይደለም። «ደመወዝ የሚከፈለኝ ሥራ ነው» ብለሽ እንባሽን አትደብቂ።

ከእናትሽ ልጀምር። ስለ ተዝካር በስልክ አትከራከሪያት። አይታቸው የማታውቃቸውን የባዕድ አገር አሮጊት አርባቸው ይውጣ ማለቷ፣ ልጄ ሰው አገር እናት አግኝታ ነበር ማለቷ ነው። እኛ የሞተ ሰው በእኛ ጸሎት ወይም ድግስ ፍርዱ ይለወጣል ብለን አናስተምርም፤ ዕብራውያን 9፥27 ለሰው አንድ ጊዜ መሞት፣ ከዚያም በኋላ ፍርድ ተመድቦበታል ይላል። ኦማ ያመኑት ጌታ እጅ ላይ ናቸው። በአርባው ቀን ግን በስማቸው የተራበ ማብላት ብትፈልጊ የሚከለክልሽ ቃል የለም። ለእናትሽም ይህንኑ ንገሪያት፤ ደስ ይላታል።

ማሰቡን በተመለከተ፣ መጽሐፍ ቅዱስ የሚከለክለው ለሙታን መስገድንና ሙታንን መጥራትን ነው እንጂ ማሰብን አይደለም። ማሰብንማ ያዘናል። «የኑሮአቸውንም ፍሬ እየተመለከታችሁ በእምነታቸው ምሰሉአቸው» የሚለው ዕብራውያን 13፥7 ላይ ነው። ጌታም ሽቱ ስላፈሰሰችበት ሴት፣ ወንጌል በሚሰበክበት ሁሉ ያደረገችው ለመታሰቢያዋ እንዲነገር ተናግሯል። ለአንቺ ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው ግን በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ያለው የኢዮጴው ነገር ይመስለኛል። ጣቢታ ስትሞት መበለቶቹ ጴጥሮስን ከበው ያሳዩት ምን ነበር? በሕይወት ሳለች የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ። ደግ ነበረች፣ ቅድስት ነበረች እያሉ ቃል አላበዙም፤ ልብሱን አነሡና አሳዩ። አንቺም የሚታይ ነገር ይዘሽ ቁሚ። ከሰፏቸው ብርድ ልብሶች አንዱ በቤቱ ቀርቶ እንደሆነ ልጃቸውን ጠይቂ።

አሁን ታሪኩን ትንሽ ልዘርዝርልሽ። ለእነርሱ እንድታስተምሪያቸው አይደለም፤ እነርሱ ከአያቶቻቸው ሰምተውታል። የነገሩሽን ነገር ክብደት አንቺ እንድታውቂው ነው። ሜኖናይቶች ሞሎችና የሰፈሩት እ.ኤ.አ. በ1804 ነው። ጦር አናነሣም ስለሚሉ በፕሩሻ ኑሮ ሲጠብባቸው፣ የሩሲያ ነገሥታት ከውትድርና ነጻ እንደሚያደርጓቸው ቃል ገብተውላቸው ሄዱ። ከሩሲያ አብዮት በኋላ ግን ረኀብ መጣ፣ መሬታቸው ተወሰደ፣ የጸሎት ቤቶቻቸው ተዘጉ፣ ሰባኪዎቻቸው ተጋዙ። በ1937 እና በ1938 እንደ ኦማ አባት በሌሊት የተወሰዱት ወንዶች እጅግ ብዙ ናቸው። ጀርመን በ1941 ሲወርር ደግሞ ከቀሩት ወንዶች ብዙዎቹ ወደ ምሥራቅ ተነዱ። ስለዚህ በ1943 መስከረም የጀርመን ጦር ሲያፈገፍግ፣ 35,000 የሚያህሉ ሜኖናይቶች ከዩክሬን ወደ ምዕራብ ሲጓዙ ጋሪውን የነዱት በአብዛኛው እናቶች፣ ሽማግሌዎችና ልጆች ነበሩ። ኦማ ያኔ የ13 ዓመት ልጅ ናቸው። ጦርነቱ ሲያልቅ ከእነዚህ ተጓዦች ከሦስቱ ሁለት እጅ ያህሉ ተይዘው ወደ ሶቪየት ኅብረት ተመለሱ፤ ዕጣቸው ሳይቤሪያና መካከለኛው እስያ ሆነ። ኦማ ከቀረው ከአንዱ እጅ ናቸው። ቮለንዳም የተባለችው መርከብ በ1947 ፌብሩዋሪ 1 ቀን ከብሬመርሃፈን ስትነሣ ከ2,000 በላይ የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ይዛ ነበር። ፓራጓይ ውስጥ ወዲያው የእርስ በርስ ጦርነት ስለተነሣ ብዙዎቹ ቦነስ አይረስ ላይ በድንኳን ቆዩ። ከዚያ በኋላ ነው ቻኮ በሚባለው በረሃማ ምድር ኖይላንድን የመሠረቱት፤ አባት የሌለባቸው ቤቶች የበዙበት ሰፈር ነበር። እናቶች ናቸው ጫካውን የመነጠሩት፣ የጭቃውንም ጡብ የጠፈጠፉት።

ይህ ታሪክ ከእኛ ሩቅ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1920 በዩክሬን ለተራቡ ሜኖናይቶች እርዳታ ለመላክ የተቋቋመው የሜኖናይት ማእከላዊ ኮሚቴ፣ ኋላ በእኛ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ለእኛም ደርሷል። የቤተ ክርስቲያናችን ስምም፣ ሜኖናይቶች የሚጠሩበት መምህር ሜኖ ሲሞንስ አዘውትሮ ይጠቅሰው ከነበረው ከ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥11 የተወሰደ ነው፤ ከተመሠረተው በቀር ማንም ሌላ መሠረት ሊመሠርት አይችልምና እርሱም ኢየሱስ ክርስቶስ ነው።

ወደ ካፖርቱ ልምጣ። ፖላንድ ውስጥ የናዚ መንግሥት እነዚህን ስደተኞች ያሰፈራቸው የፖላንድ ገበሬዎችን አባርሮ ባስለቀቃቸው ቤቶች ነበር። ከሚታደለውም ልብስ መካከል ከተባረሩትና ከተገደሉት አይሁድ የተወሰደ ነበረበት። ስደተኛው በሌላ ስደተኛ ጎጆ ገባ፤ እሳቱ ገና ሳይጠፋ። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ በብርድ የተሰጣትን መልበሷ ኃጢአት ነው አልልሽም። ግን «ምንም አይደለም» ብዬም ላጽናናሽ አልችልም። ኦማ ያን ስም ሰማንያ ዓመት ያልረሱት ምንም ስላልሆነ አይደለም። አንዲት ልጅ ነበረች፤ እናቷ ወይም አያቷ ተቀምጣ ስሟን በመርፌ ሰፍታላታለች፤ ካፖርቱ ብቻ ቀረ።

በሕይወታቸው መጨረሻ ለስደተኛ ልጆች ብርድ ልብስ ሲሰፉ ያን ካፖርት እያሰቡ ይሆን? ልብሽ እንዲህ ቢልሽ አልፈርድብሽም፤ የእኔም ልብ ይላል። ነገር ግን እርሳቸው ካልነገሩሽ በእርሳቸው አፍ አትናገሪ፤ ካሣ ከፈሉ ብለሽም አትደምድሚ። የሞተች ልጅ በብርድ ልብስ አትካስም።

ልናገር ወይስ ልተው ላልሽው፦ ከአደባባይ በፊት ልጃቸው ዘንድ ሂጂ። ምሥጢር የነገረን ሰው ሲሞት ምሥጢሩ የእኛ አይሆንም፤ ምሳሌ 11፥13 በመንፈስ የታመነ ነገሩን ይሰውራል ይላል። ቡና ጠጥታችሁ፣ ማንም ሳይኖር፣ የነገሩሽን እንደነገሩሽ ንገሪያት። ምናልባት ታውቀዋለች። ምናልባት ዕድሜዋን ሁሉ እናቴ በብርድ ለምን ትተክዛለች እያለች ኖራለች። ይነገር ካለች ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ተናገሪ። አይነገር ካለች ዝም በይ፤ ግን በምትኩ ውሸት አትናገሪ። «እንከን የሌለበት ሕይወት ኖሩ» የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። መጽሐፍ ቅዱስ በእምነት ጀግኖች መዝገብ ውስጥ ረዓብን ሲያስገባ «ጋለሞታይቱ» የሚለውን አልፋቀም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው የራሴ ጸጸት ስላለብኝ ነው። በጥር 1974 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናችን ስትዘጋ፣ እኔ ገና ወጣት ሳለሁ፣ በአንዲት እናት ጓዳ ውስጥ መጋረጃ ጋርደን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጸልይ ነበር። እኒያ እናት ለታሰሩ ወንድሞች ስንቅ ያመላልሱ ነበር፤ በር ላይ ሲሰድቧቸው ሰምተው በማግስቱ ይመለሳሉ። አንድ ጊዜም ፈርተው ኅብረቱን ለሦስት ወር ከቤታቸው አስወጡ፤ ኋላ አልቅሰው ጠሩን። ሲቀበሩ የተነበበው የሕይወት ታሪክ የት እንደተወለዱ፣ መቼ እንዳገቡ፣ ስንት ልጅ እንደወለዱ ብቻ ነበር። ስንቁም ፍርሃቱም የለበትም። እኔ እዚያው ቆሜ ሰማሁ፤ ቃል ሳልተነፍስ አፈር አልብሰን ተመለስን። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው አያታቸው ምን እንዳደረጉ አያውቁም።

ሜኖናይቶችም በቀብር ላይ ሌበንስላውፍ የሚሉትን የሕይወት ታሪክ ያነባሉ፤ አንዳንዱ በእርጅናው ራሱ ጽፎ ያስቀምጣል። ኦማ ጽፈው እንደሆነ ልጃቸውን ጠይቂ። ከጻፉ በቃ፣ የእርሳቸው ቃል ይነበብ፤ አንቺ ያየሽውን ብቻ ጨምሪ። እንዴት ይጸልዩ እንደነበር፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ምን እንዳሳቁሽ፣ ሲቆጡ ምን ይሉ እንደነበር። አጭር ይሁን። እንባ ቢመጣብሽ ቁሚና አልቅሺ፤ እዚያ ያለው ሰው ይጠብቅሻል።

ዳቦውን ይዘሽ ሂጂ፤ ምን ነውር አለው? እነርሱ ከቀብር በኋላ ቡናና ትስቪባክ ያቀርባሉ፤ አንዱ ትንሽ ዳቦ በሌላው ላይ ተደርቦ የሚጋገር ነው። በስደቱ ዘመን እሱኑ በእሳት አድርቀው በጆንያ ይዘውት ይጓዙ ነበር፤ እንደ እኛ ዳቦ ቆሎ ሳይበላሽ የሚቆይ ስንቅ። ድፎሽን የምትጋግሪበት የኮባ ቅጠል እዚያ ባይገኝም በወረቀት ጋግሪው። ስትቆርሺ መጀመሪያ ለልጃቸው አቅርቢ፤ ከዚያ በዊልቸር ለተቀመጡት፣ ኦማን «ኦማ» ይሉ ለነበሩት ሽማግሌዎች።